ጸጋ፣ ችሮታ፣ ውለታ፦ ከአዲ አርቃይ ስለተመለሰ ገንዘብ

በ2014 ዓ.ም. አዲ አርቃይ ላለው የአጎቴ ልጅ ስልሳ ሺህ ብር ላክሁለት። በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ገንዘቡ አንድም ብር ሳይጎድል በባንክ ተመለሰልኝ። ብድር አልነበረም። «ሰደቃ ነው፣ አትመልሰውም» ብዬ በስልክ ነግሬው ነበር። ይህ ጽሑፍ «ጸጋ» ስለሚባለው ቃል ነው፤ ነገር ግን ቃሉን እንድመረምር ያስገደደኝ ይኸው የተመለሰ ገንዘብ ስለሆነ አንባቢ በመጀመሪያ ታሪኩን ይስማኝ።

አዲ አርቃይን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ልበል። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት አልፎ ደባርቅ የደረሰ መንገደኛ ከዚያ በኋላ መሬቱ ከእግሩ ሥር ይከዳዋል። ሊማሊሞ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የጠረጉት ጥምዝምዝ መንገድ ገደሉን እየታከከ ወደ ዛሪማ ይወርዳል፤ ከዚያም አዲ አርቃይ፣ ማይ ፀብሪ፣ ተከዜ፣ ሽሬ። ደባርቅ ላይ ጋቢ ደርቦ የነበረ ሰው አዲ አርቃይ ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል። አርቃይ በትግርኛ ቀርከሃ ማለት ነው። በገበያው አማርኛውም ትግርኛውም ይሰማል።

መንገዱ ከጣሊያን በፊትም መንገድ ነበር። ከጎንደር ወደ ምጽዋ የሚወርደው ሲራራ ነጋዴ በዚህ አቅጣጫ ነበር የሚያልፈው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 (እ.ኤ.አ.) ከምጽዋ መጥቶ በዓድዋ በኩል ተከዜን ተሻግሮ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር የገባው በዚሁ በኩል ነው። መንገዱን ከሁሉ ይበልጥ ያውቁት የነበሩት ግን ጀበርቲ ነጋዴዎች ናቸው። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1668 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው ጉባኤ፣ የጎንደር ሙስሊም ከክርስቲያኑ ተለይቶ እንዲኖር ተወሰነ። ርስት ላልነበረው ሰው የቀረው ንግድና ሽመና ነበር። ይህንን ያነሣሁት የድሮ ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። ከታች ስለ «ፈድል» ስናገር ያስፈልገኛል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ አዲ አርቃይ ደረሰ። ብዙ ሰው ሊማሊሞን በእግሩ እየወጣ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ሸሸ። አጎቴ፣ ባለቤቱ፣ ልጁና የልጅ ልጆቹ በዝናብ ወጥተው ደባርቅ ከአንዲት ክርስቲያን ባልቴት ቤት ተጠጉ። ሲመለሱ ሱቃቸው ባዶ ነበር፤ መደርደሪያው እንኳ አልቀረም። ገንዘቡን የላክሁት ያኔ ነው። የአጎቴ ልጅ ሱቁን እንደገና ከፈተ፤ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ጨው። አልሐምዱሊላህ አልሁ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር።

አላበቃም። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የዘመድ ኒካህ ላይ ለተፈናቃዮች ገንዘብ ይሰበሰብ ነበርና ንግግር እንዳደርግ ተጠየቅሁ። ሰዉን ለማነሣሣት ብዬ «እኔ አዲ አርቃይ ላይ አንድ የተዘጋ ሱቅ አስከፍቻለሁ፤ አንድ ቤተሰብ አቁሜያለሁ» አልሁ። የማን ሱቅ እንደሆነም ከነዝምድናው ተናገርሁ። ሰዉ «ማሻአላህ» አለ፤ ገንዘብም ተዋጣ። ኒያዬ መልካም ነበር ብዬ አምን ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን «ማሻአላህ» ሲባል ደስ ብሎኛል። ወሬ ሊማሊሞን ለመውረድ መኪና አይጠብቅም። የአጎቴ ልጅ ሰማ። ሁለት ፍየሎች ሸጦ፣ የቀረውን ከሰው ተበድሮ ስልሳውን ሺህ ላከልኝ። ከገንዘቡ ጋር ምንም ቃል አልነበረም።

ተናደድሁ። በልቤ ያልሁትን ሳልደብቅ ልጻፈው፦ «ይህ የኒዕማ ክህደት ነው» አልሁ። ለመምከርም ተዘጋጀሁ። ሰውን ያላመሰገነ ሰው አላህንም እንዳላመሰገነ የሚያስተምረውን፣ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ የዘገቡትን ሐዲስ ይዤ በጥር ወር 2015 ዓ.ም. አዲ አርቃይ ወረድሁ።

የመጀመሪያው ማታ ከአጎቴ ጋር ብቻችንን ነበርን። አጎቴ ሰማንያ ዓመት የቀረባቸው ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከሚዛን ኋላ ቆመው የኖሩ። ክሴን አቀረብሁ።

«ምን አደረገ ነው የምትለው?» አሉኝ።

«ኒዕማ ካደ፣ አጎቴ።»

«የአላህን ነው ያንተን?»

ዝም አልሁ። እሳቸውም ብዙ አልጠበቁም። «እስቲ አንተ ዩኒቨርሲቲ የደረስህ ነህ። ኒዕማ ማለት ምንድን ነው?»

«ጸጋ ነዋ!»

«ጸጋስ?»

ውድ አንባብያን፣ እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ። ጸጋ ምንድን ነው? እኔ በዚያች ማታ መልስ አጣሁ። በመስጊድ «የአላህ ጸጋ» እንላለን፤ በገበያ «ባለጸጋ» እንላለን፤ ለድምፃዊ «ጸጋ አለው» እንላለን፤ ለሽማግሌ ፊት «ሞገስ» እንላለን። አንዱን ቃል በአራት ቦታ እንዘረጋዋለን፤ ወይም አራቱን ነገር ባንድ ቃል እናጨናንቀዋለን።

ከቋንቋችን እንነሣ። ጸጋ የግእዝ ቃል ነው፤ ጸገወ ከሚለው ግስ የመጣ፣ ያለ ዋጋ ሰጠ፣ ቸረ ማለት። ስለዚህ «ባለጸጋ» የተባለው ሀብታም በቃሉ ሥር ብንሄድ የተሰጠው ሰው ነው እንጂ ያለው ሰው አይደለም። «ሀብት» የሚለው ቃል ራሱ ከዚህ አይርቅም፦ ወሀበ ከሚለው የግእዝ ግስ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ስጦታ ነው። ዐረብኛው ወሀበ፣ ሂባ፣ ከአላህም ስሞች አል-ወህሃብ የሚለው ከዚሁ ሥር ናቸው። ሀብታም ማለት ሂባ የወረደበት ሰው ነው። ቋንቋው ይህን ያህል ሲነግረን እኛ «ሀብቴ» እያልን በላዩ ላይ መቆለፊያ እንሰቅላለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። ይኸው ጸጋ የሚለው ቃል በጎንደር ዘመን በክርስቲያን ወንድሞቻችን ሊቃውንት መካከል ለረጅም ጊዜ የዘለቀ ክርክር አስነሥቷል፤ ተዋሕዶ፣ ቅባትና ጸጋ የተባሉ ወገኖች ቆመው ነበር። ክርክሩን ባለቤቶቹ ያውቁታል፤ እኔ አልገባበትም። ነገር ግን በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በቦሩ ሜዳ በሰበሰቡት ጉባኤ የጸጋው ወገን ሲረታ፣ ከዚያው ጋር ተያይዞ የወሎ ሙስሊም እምነቱን እንዲለውጥ ታዘዘ። በግዴታ የሚሰጥ ነገር ጸጋ ሊባል እንደማይችል ቃሉን የሚያውቁት ሊቃውንት ሳይገነዘቡት አልቀሩም ብዬ አስባለሁ።

ወደ ዐረብኛው እንምጣ። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በ1961 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ ቁርአን ትርጉም ኒዕማን ጸጋ፣ ፈድልን በአብዛኛው ችሮታ፣ ረሕመትን እዝነት እያለ ለይቷቸዋል። ተርጓሚዎቹ ለእያንዳንዱ ቃል የየራሱን ወንበር መስጠታቸው ትልቅ ሥራ ነው። እኛ ግን ስንናገር ወንበሮቹን እናቀላቅላለን።

ኒዕማ ከልስላሴ፣ ከምቾት የመጣ ቃል ነው። የቁርአን ቃላትን የመረመረው አርራጊብ አል-አስፋሃኒ እንደሚለው ዐረቦች ግመልን «ነዐም» ያሏት ለእነሱ ከኒዕማ ሁሉ ትልቋ እርሷ ስለነበረች ነው። በሱረቱ ኢብራሂምና በሱረቱ ነሕል አላህ (ሱ.ወ.) ኒዕማውን ብንቆጥር እንደማንዘልቀው ይነግረናል። እዚያ ላይ ያለው ቃል በብዙ ቁጥር አይደለም፤ በነጠላ ነው። ይኸውም ሙፈሲሮች እንዳስተዋሉት አንዲቱ ጸጋ እንኳ ተዘርዝራ አታልቅም ማለት ነው። አንድ ጉርሻ እንጀራ ውሰዱ፤ ከጤፉ፣ ከዝናቡ፣ ከገበሬው በሬ፣ ከወፍጮው፣ ከምጣዱ፣ ከሚያኝከው ጥርስ፣ ከሚውጠው ጉሮሮ ጀምራችሁ ቁጠሩ። ስልሳ ሺህ ብርም እንዲሁ ነው። እኔ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ያለፈበትን እጅ ማን ይቆጥረዋል? እኔ ግን ከሁሉ መርጬ የመጨረሻዋን እጅ፣ የራሴን፣ ቆጠርሁ።

ፈድል ሌላ ነው። ፈድል ማለት ከሚገባው በላይ የተረፈ፣ ትርፍ ማለት ነው፤ «ትሩፋት» የሚለው አማርኛችን ይቀርበዋል። ለነጋዴ ይህ ቃል ጣፋጭ ነው። ሱረቱል ጁሙዓ ሶላቱ ሲፈጸም በምድር ላይ እንድንበተንና የአላህን ፈድል እንድንፈልግ ያዛል፤ ሙፈሲሮችም ይህንን ሪዝቅ መፈለግ፣ ንግድ ነው ይላሉ። በሱረቱል ሙዘሚልም በምድር ላይ ፈድልን ፍለጋ የሚጓዙ ሰዎች ከታመሙትና በአላህ መንገድ ከሚዋጉት ጋር ተጠቅሰዋል፤ ሌሊት ቆሞ መስገድ የቀለለላቸው እነዚህ ሁሉ ናቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባስተማሩን ዱዓ መስጊድ ስንገባ የረሕመትን በሮች፣ ስንወጣ ደግሞ ፈድልን እንለምናለን። ገብተን አንድ ነገር፣ ወጥተን ሌላ ነገር። ርስት የተነፈገው ጀበርቲ ከጎንደር ወደ ምጽዋ በቅሎውን እየነዳ ሲወርድ በዚህ ቃል ነበር የሚጽናናው ብዬ አምናለሁ። መሬት ባይኖረው መንገድ ነበረው።

ግን ታሪክ ስንጽፍ ግማሹን አንደብቅ። በዚያ መንገድ አሞሌ ጨው፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ብቻ አልተጓዘም፤ የተሸጠ ሰውም ተጉዟል። ያንንም «ፈድል» ብለው ያተረፉ ነበሩ። ትርፍ የተባለ ሁሉ ፈድል እንዳልሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሊማሊሞ ላይ ቆሞ ቁልቁል ማየት ይበቃል።

አሁን እኔን ወደነካኝ ቃል ደረስሁ። መን ይባላል። ቃሉ አስገራሚ ነው። ለአላህ ሲነገር ውዳሴ ነው፤ በሐዲስ አል-መንናን ተብሎ ተጠርቷልና፣ ይኸውም ያለ ልክ የሚሰጥ። ለበኒ ኢስራኤል የወረደው ምግብም መን ይባላል። ለሰው ሲነገር ግን ነውር ነው፦ ሰጥቶ መቁጠር፣ ውለታን ማስታወስ። በሱረቱል በቀራ ምእመናን ሰደቃቸውን በመንና በማስከፋት እንዳያበላሹ ታዘዋል። የአማርኛው ትርጉም «መመጻደቅ» ይለዋል። መጥፎ ቃል አይደለም፤ ነገር ግን በዛሬው ንግግራችን መመጻደቅ ማለት ጻድቅ መስሎ መታየት ስለሆነ፣ መን ከሚለው ቃል ያለውን ሹል ጫፍ የሚይዘው የገበያው አነጋገር ይመስለኛል፦ ውለታ መቁጠር።

ቃሉ ሌላም ትርጉም አለው። መን የክብደት መለኪያ ስም ነው፤ አርራጊብም ሚንና ማለት ከባድ ኒዕማ ነው ይላል። አጎቴ ይህንን መጽሐፍ አላነበቡም። ነገር ግን በዚያች ማታ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እኔ ሃምሳ ዓመት ሚዛን ይዣለሁ። ድንጋዩን ሚዛኑ ላይ የሚያስቀምጠው ሻጭ ነው። ገዢው እህሉን ብቻ ነው የሚያየው። አንተ እህሉን ከላክህ በኋላ ድንጋዩን አስከትለህ ላክህ።»

በማግሥቱ ከልጃቸው ጋር ተገናኘን። ሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ ልጆች ሆነን ክረምት ክረምት እየመጣሁ አብረን ፍየል ጠብቀናል። መጀመሪያ ስለ ዝናብና ስለ ማሽላ አወራን። በኋላ እሱው ጀመረው።

«ሰደቃህን ወስጄው ነበር፤ ልቤ ቀና ነበር። ከአላህ መስሎኝ ነው የወሰድሁት። አንተ መሆንህን በኒካሁ ዕለት ነገሩኝ።»

«ሰው ለማነሣሣት ነበር፣ ወንድሜ» አልሁት።

«ይሆናል። ግን እዚህ ገበያ ላይ ሰው ስኳር ሊገዛ ሲመጣ "የእገሌ ሱቅ" እያለ ባንተ ስም ይጠራኝ ጀመር። ልጄም ሰማች።»

ምን ይባላል? ይዤው የሄድሁት ሐዲስ አፌ ላይ ቀረ። ምክንያቱም በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር ታየኝ። ሰውን አመስግን የሚለው ትምህርት ለተቀባይ የተነገረ ነው። ሰደቃህን በመን አታበላሽ የሚለው ለሰጪ የተነገረ ነው። እኔ የእርሱን ትምህርት ተሸክሜ ሁለት ቀን ተጓዝሁ፤ እሱ ደግሞ የእኔን አንቀጽ ይዞ ፍየሎቹን ሸጠ። የየራሳችንን ብንይዝ ኖሮ ገንዘቡ ካለበት ባልተንቀሳቀሰም ነበር። በሱረቱል ሑጁራት መስለማቸውን እንደ ውለታ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ የቆጠሩ ሰዎች፣ ወደ ኢማን በመምራቱ ውለታው የአላህ እንደሆነ ተነግሯቸዋል። እነዚያ ሰዎች እምነታቸውን ነበር የቆጠሩት፤ እኔ የቆጠርሁት ስኳርና ዘይት ነው።

«ክህደት» ስላልሁትም ቃል ልናገር፤ በዘመዴ ላይ በልቤም ቢሆን ወርውሬዋለሁና። ኩፍር ማለት በመሠረቱ መሸፈን ነው። በሱረቱል ሐዲድ ገበሬዎች በዚሁ ቃል ተጠርተዋል፤ ዘሩን በአፈር ስለሚሸፍኑ። ኒዕማን የካደ ሰው ማለት የሰጪውን እጅ የሸፈነ ማለት ነው። ታዲያ በኒካሁ ዕለት በአላህ ስጦታ ላይ የራሱን ስም አፈር አድርጎ ያለበሰው ማን ነበር? ሹክር በተቃራኒው መግለጥ ነው። ዐረቦች በጥቂት መኖ የምትወፍርን ከብት «ሸኩር» ይሏታል፤ የበላችውን ሰውነቷ ላይ ታሳያለችና። ይህንን ያነበብሁት ከተመለስሁ በኋላ ነው፤ ወዲያው ትዝ ያሉኝ ግን የአዲ አርቃይ ፍየሎች ናቸው። ከእሾህ መካከል ሁለት ቅጠል ቀጥፈው ማታ ወተት ይዘው ይገባሉ። ምንም አይናገሩም።

በረካንም እንዳልረሳ። በረካ ከግመል መንበርከክ የመጣ ቃል ነው፤ ተንበርክካ ቦታዋን እንደምትይዝ ግመል፣ መልካም ነገር ረግቶ ሲቀመጥ በረካ ይባላል። ውሃ የሚጠራቀምበት ኩሬም ቢርካ ነው። የእኛው ተንበረከከ፣ በረከት፣ ግእዙም ብርክ (ጉልበት ማለት ነው) ከዚሁ ሥር ናቸው። ጸጋ ሊመጣ ሊሄድ ይችላል፤ በረካ የተቀመጠው ነው። የላክሁት ገንዘብ ጸጋ ነበር። አልተንበረከከም።

አጎቴ ስለ ደባርቋ ባልቴት የነገሩኝ በሦስተኛው ቀን ነው፤ እኔ ጠይቄያቸው። ሴትዮዋ ሰባት ነፍስ በአንድ ክፍል አስጠግተው ኪራይ አልወሰዱም። የሥጋው ነገር ለእኛ እንደሚለያይ አውቀው፣ ቤተሰቡ በራሱ ድስት እንዲያበስል ምድጃቸውን ለቀቁ። ለሶላትም ጓዳውን ጠርገው ሰጡ። ቤተሰቡ ሲመለስ «ባዶ እጃችሁን አትግቡ» ብለው ለዘር የሚሆን እህል አስያዙ።

«ታዲያ አጎቴ፣ አንቱ ይህንን በምን ሊከፍሉት ነው?» አልኋቸው።

«ለምን እከፍለዋለሁ?» አሉኝ ተገርመው። «የእሳቸውን የሚከፍል አላህ ነው። እኔ ደባርቅ ለገበያ ስወጣ ሎሚና ማር እወስድላቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ ባዶ እጄን አይሸኙኝም። እንዲህ ስንል እንኖራለን።»

«እሳቸው አንድ ቀን እንኳ አላነሡትም?»

«ምኑን?»

ጥያቄዬ አልገባቸውም። ወይም ገብቷቸው እንዳልገባቸው ሆኑ፤ እርግጠኛ አይደለሁም። እኔም አልደገምሁትም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው እንኳ በሥራቸው ሳይሆን በአላህ እዝነትና ፈድል እንጂ ጀነት እንደማይገቡ የተናገሩት ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ደጋግሜ የሰማሁት ሐዲስ ነው። ሰጪ ነኝ ባዩ ሁሉ እጁን ዘርግቶ የቆመ ተቀባይ መሆኑን በዚያ ሱቅ በረንዳ ላይ እስክቀመጥ አላሰብሁትም ነበር።

ገንዘቡን እንደገና ልሰጠው ሞከርሁ፤ አልዋሽም። «እንግዲያው ብድር ይሁን» አልሁት። ሳቀ። «ብድሩን ለሌላ ሰው ከፍዬ ጨረስሁት እኮ» አለኝ። ይህ እንዳልሆነ ከአባቱ ሰምቼ ነበር፤ ዝም አልሁ። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ «ዐፉ ብያለሁ» አለ። ግን ዐፉ ካለ በኋላም በመካከላችን የነበረው አንድ ነገር በቦታው አልተመለሰም፤ ምናልባት ጊዜ ይፈልግ ይሆናል። አዲስ አበባ ስመለስ በኒካሁ ከነበሩት መካከል ለማገኛቸው ሁሉ ሱቁ የባለቤቱ መሆኑን ለመናገር ለራሴ ቃል ገባሁ፤ እስካሁን ለስድስት ሰዎች ነግሬአለሁ። ሦስቱ ጭራሽ አላስታወሱትም።

የመሄጃዬ ቀን ጠዋት መኪናው ሳይነሣ ወደ ሱቁ ጎራ አልሁ። ሴት ልጁ ከጠረጴዛው ኋላ ቆማ ነበር፤ እሱ ሣጥን ይከፍታል። ለመንገድ ብስኩትና ውሃ፣ ለደባርቋ እናት ደግሞ ሁለት ኪሎ ስኳር ጠየቅሁ። ልጅቱ አባቷን አየች፤ ልክፈል ወይስ አልክፈል ለመጠየቅ። እሱ ቀና ሳይል «ሂሳቡን ንገሪው» አላት።

ነገረችኝ። ከፈልሁ። መልሴን ቆጥራ ሰጠችኝ።